ውሃና ርቢ፦ የሞስ፣ የፈርንና የባሕር አረም የመራቢያ አካላት

በምኒልክ አደባባይና በአራዳ ዙሪያ የሚገኙት የቆዩ የድንጋይ አጥሮች፣ የቤት መሠረቶችና የጥርብ ድንጋይ ደረጃዎች በበጋ ወራት ሲታዩ በየስንጥቃቸው ግራጫና ጥቁር ቡናማ ቅርፊት የያዙ ይመስላሉ፤ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ግን ያ ደርቆ የከረመ ቅርፊት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይፍታታል፣ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ክረምቱ እስኪወጣም ከነልምላሜው ይቆያል። ይህ ዕፅ ሞስ ይባላል። በተለምዶ የድንጋይ ሽበት በሚለው ስም ሞስም ላይከንም አብረው ቢጠሩበትም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ላይከን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚሠሩት አካል ሲሆን፣ ሞስ ግን ግንድ መሰል ዘንግና ቅጠል መሰል ክፍሎች ያሉት ራሱን የቻለ ዕፅ ነው። እርጥበት በማይለየው የድልድይ ግንብና የወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ደግሞ ከሞሱ ጎን ፈርን ይበቅላል፤ ፈርን ሥሩ፣ ግንዱና ቅጠሉ በሚገባ የተለዩ፣ ውሃ የሚያመላልሱ የውስጥ ቧንቧዎች ያሉት፣ ነገር ግን እንደ ሞስ ሁሉ አበባ የማያወጣ ዕፅ ነው። ሦስተኛው ወገን፣ የባሕር አረም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ሊታይ ባይችልም፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ቁልቁል በተዘረጋው በቀይ ባሕር በብዛት ስለሚበቅልና ከሁለቱ ጋር ሲነጻጸር የርቢን ነገር ይበልጥ ስለሚያብራራ በዚህ ትምህርት ተካቷል።

አበባ ያለው ዕፅ የአበባ ብናኙን ለነፋስ ወይም ለንብ ይሰጣል፤ ብናኙ በሴቴዋ አበባ ጫፍ ላይ ካረፈ በኋላ ቀጭን ቱቦ እያበቀለ የወንዱን ሕዋስ እስከ እንቁላሉ ድረስ ስለሚያደርሰው፣ ለዚህ ተግባር የውጭ ውሃ አያስፈልግም። በሞስ፣ በፈርንና በባሕር አረም ግን የወንዱ ሕዋስ ከወላጁ አካል ወጥቶ፣ ዋኝቶም ሆነ ተንሳፍፎ፣ ራሱ እንቁላሉ ዘንድ መድረስ ይኖርበታል። ስለዚህ የእነዚህ ፍጥረታት የመራቢያ አካላት አሠራር፣ እጅግ የተለያየ ቢመስልም፣ በውሃ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የብሱ ላይ ያሉት ውሃ ሲያንሳቸው እንዴት እንደሚብቃቁ፣ ባሕር ውስጥ ያሉት ደግሞ ውሃው ሲበዛባቸው ሕዋሶቻቸው ባክነው እንዳይቀሩ ምን እንደሚያደርጉ ካልታየ፣ የአካላቱ ስም ብቻ ተጠንቶ የሚገኝ ዕውቀት አይኖርም።

የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ እነዚህ ዕፅዋት ጾታ ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቁም ነበር። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1735 እ.ኤ.አ. ዕፅዋትን ሁሉ በአበባቸው ክፍሎች ቁጥር ሲመድብ፣ አበባ ያልተገኘላቸውን በመጨረሻው፣ በ24ኛው ክፍል ውስጥ አንድ ላይ አስቀመጣቸው። በሞስ ላይ የወንዴና የሴቴ አካላትን ለይቶ ያሳየው በሙያው ሐኪም የነበረው ዮሐንስ ሄድቪግ ሲሆን፣ ግኝቱን ያብራራበት መጽሐፍ በ1782 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ ታተመ። የዛሬው የሞስ ሳይንስ ከዚህ ሰው ሥራ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በከተሞች የእግረኛ መንገድ ንጣፍና የግንብ ስንጥቅ ውስጥ ከሚበቅሉት ሞሶች መካከል በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚታወቀው ብራዩም አርጀንቴም የተባለው ነው። ቁመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው፣ በተለይ ሲደርቅ፣ ብርማ ሆኖ ይታያል። ይህ ሞስ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ነው፤ አንዱ ዘንግ የወንዴ አካል ብቻ፣ ሌላው የሴቴ አካል ብቻ ያወጣል። በወንዴው ጫፍ፣ በቅጠሎቹ መካከል ተሸሽገው፣ አንተሪዲየም የሚባሉ በአጭር እግር ላይ የቆሙ ሞላላ ከረጢቶች ይገኛሉ፤ ግድግዳቸው አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ሲሆን፣ በውስጣቸው ሁለት ሁለት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው እጅግ ብዙ የወንድ ሕዋሳት ይዘጋጃሉ። በሴቴዋ ጫፍ ላይ ደግሞ አርኪጎኒየም የሚባለው ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ረጅም አካል ይቆማል፤ በሆዱ ውስጥ አንዲት እንቁላል ሕዋስ ብቻ ትኖራለች። እንቁላሏ ስትደርስ በአንገቱ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሟሙተው ወደ ዝልግልግ ፈሳሽ ይለወጣሉ፣ የአንገቱም ጫፍ ይከፈታል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ፕፌፈር በ1884 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሞስን የወንድ ሕዋስ ወደ እንቁላሏ የሚስበው ስኳር፣ የፈርንን ደግሞ ማሊክ አሲድ፣ ማለትም በፖም ፍሬ ውስጥ የሚገኘው አሲድ መሆኑን በሙከራ አሳየ።

የሞስ የወንድ ሕዋስ በራሱ ዋና የሚሄደው ርቀት ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም የሚሆነው በድንጋዩ ላይ ያለው የውሃ ሽፋን ሳይቋረጥ ወንዴውንና ሴቴዋን ካገናኛቸው ነው። ፖሊትሪከም የተባለው ቁመተ ረጅም ሞስ የወንዴ አካላቱን በጽዋ መሰል የቅጠል ክበብ መካከል ስለሚይዝ፣ የዝናብ ጠብታ ሲመታው ሕዋሳቱ ከውሃው ጋር እየተፈናጠሩ ወደ ጎረቤት ይደርሳሉ። ብራዩም አርጀንቴም እንዲህ ያለ ጽዋ የለውም። በ2006 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች በዚሁ ሞስ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ወንዴውንና ሴቴዋን ችፍግ በጥቂት ሳንቲ ሜትር አራርቀው ውሃ እንዳያገናኛቸው ካደረጉ በኋላ፣ በአንዳንዶቹ ማሰሮዎች ውስጥ ኮሌምቦላ የሚባሉትን፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ክንፍ አልባ ተፈናጣሪ ፍጥረታት፣ በሌሎቹም ከመዥገር ወገን የሆኑ እጅግ ጥቃቅን እንስሳትን ጨመሩ። እንስሳቱ በሌሉበት ርቀቱን ተሻግሮ የተፈጸመ ርቢ አልታየም፤ እንስሳቱ ባሉበት ግን ሴቴዎቹ ጸነሱ። ንብና አበባ ሳይኖሩ እንስሳ የዕፅን ርቢ ሲያገለግል መታየቱ በእጅጉ ሊታሰብበት የሚገባ ግኝት ነው፤ መጨረሻው ላይ ጉዳዩ እንደገና ይነሣል።

የወንዱ ሕዋስ ከእንቁላሏ ጋር ከተዋሐደ በኋላ የሚበቅለው አካል የእናትየው ቅርንጫፍ አይደለም፤ ስፖሮፋይት የሚባል ሌላ ትውልድ ነው። እግሩን በእናትየው ጫፍ ውስጥ ተክሎ ከእርስዋ ውሃና ምግብ እየወሰደ፣ ቀጭን ዘንግ ያወጣል፣ በዘንጉም ጫፍ ላይ ክዳን ያለው የስፖር ሙዳይ ያበጃል። ሙዳይ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ይህ አካል በእርግጥም እንደ ስፌቱ ሙዳይ ሆዱ የሰፋ፣ አፉ የጠበበ፣ ክዳኑም ሾጠጥ ያለ ነውና። በሙዳዩ ውስጥ ስፖር የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ የመራቢያ ብናኞች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ስፖር ከሚሊ ሜትር መቶኛ ብዙም አይበልጥም። እሳት በነደደበትና ከሰል በከሰለበት መሬት ላይ ቶሎ የሚበቅለው ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ የተባለው ሞስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ክዳኑ ሲወድቅ በአፉ ዙሪያ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 16 የሆኑ ጥቃቅን ጥርሶች ይታያሉ፤ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ጥርሶቹ እየታጠፉና እየተቃኑ ስፖሮቹን ጥቂት በጥቂት ያወጧቸዋል። ሙዳዩን የተሸከመው ዘንግም እርጥበት ሲነካው ይፍታታል፣ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፤ የደረቀውን ዘንግ አፍ አጠገብ አድርጎ እፍ ያለበት ሰው በዓይኑ ፊት ሲዞር ሊያየው ይችላል። የወንዱ ሕዋስ ያለ ውሃ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ስፖሩ ግን በተቃራኒው ደረቅ አየርና ነፋስ ይፈልጋል። ዝናቡን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በምታገኘው አዲስ አበባ፣ አንዱ ዕፅ ለሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶቹ ሁለት ተቃራኒ ወቅቶች ያገኛል ማለት ነው።

ይሁንና ብራዩም አርጀንቴም በርቢ ብቻ የሚተማመን አይደለም። ከዘንጉ ተገንጥላ የወደቀች ትንሽ ቁራጭ ወይም በቅጠሉ ብብት የምትወጣ እንቡጥ ራሷን ችላ ስለምትበቅል፣ የመንገደኛ ጫማ ሳያውቀው ሞሱን ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ ያሸጋግራል፤ የሰው እግር በሚበዛበት አደባባይ እንዲህ ያለው መባዛት ከስፖሩ የሚያንስ ድርሻ የለውም።

ወደ ፈርን ሲታለፍ ሚዛኑ ይገለበጣል። በሞስ ዘንድ ለምለሙና ዘላቂው አካል የወንድና የሴት ሕዋሳትን የሚያመነጨው ትውልድ፣ ማለትም ጋሜቶፋይት ሲሆን፣ ስፖር ሰጪው ትውልድ በላዩ ተሸክሞ የሚያሳድገው ጥገኛው ነው። በፈርን ግን ዓይን የሚያየው ትልቁ ቅጠላም ዕፅ ስፖር ሰጪው ነው። ቅጠሉ ቢገለበጥ በጀርባው ላይ በመስመር ወይም በነጠብጣብ የተደረደሩ ቡናማ ጉብታዎች ይታያሉ፤ የማያውቅ ሰው ዋግ የመታው ወይም ተባይ የሠፈረበት ሊመስለው ይችላል፤ እነዚህ ግን ሶረስ የሚባሉ የስፖር ከረጢቶች ክምሮች ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ ስስ ሽፋን ይጋረድባቸዋል፤ አዲያንተም በሚባለው፣ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ገደል በሚወደው ስስ ፈርን ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ ራሱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሸፍናቸዋል። የበሰለ ቅጠል በነጭ ወረቀት ላይ በጀርባው ተኝቶ ቢያድር በማግስቱ የቅጠሉ ቅርጽ በቡናማ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ያ ዱቄት በሺዎች የሚቆጠር ስፖር ነው።

እያንዳንዱ ከረጢት በአብዛኞቹ ፈርኖች 64 ስፖሮች ይይዛል፤ 16 እናት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ለአራት ስለሚከፈሉ ነው። በከረጢቱ ጀርባ ላይ ቀለበት የሚባል፣ የውስጥና የጎን ግድግዳቸው የወፈረ፣ የውጭ ግድግዳቸው የሳሳ ሕዋሳት ረድፍ አለ። አየሩ ሲደርቅ ከእነዚህ ሕዋሳት ውሃ ይተናል፤ የቀረው ውሃ ስሱን ግድግዳ ወደ ውስጥ እየጎተተ ቀለበቱን ወደ ኋላ ይለጥጠዋል፣ ከረጢቱም ይቀደዳል። መለጠጡ ከልክ ሲያልፍ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ውሃ በድንገት ይበጠስና አረፋ ይፈጠራል፤ በዚያች ቅጽበት ቀለበቱ ወደ ቦታው ተመልሶ ሲፈናጠር ስፖሮቹን ይወረውራል። በ2012 እ.ኤ.አ. በፈጣን ካሜራ የተደረገ ጥናት የውርወራው ፍጥነት በሴኮንድ እስከ 10 ሜትር እንደሚደርስ አሳይቷል። ጡንቻም ነርቭም የሌለው አካል፣ የውሃን መትነን ብቻ ተጠቅሞ ይህን ማድረጉ ከተፈጥሮ አስደናቂ ሥራዎች አንዱ ነው።

ስፖሩ እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ ወዲያው ፈርን አይበቅልም፤ የሊቃውንቱን መንገድ ያረዘመውም ይኸው ነው። ጆን ሊንድሴይ የተባለ በጃማይካ የነበረ ሐኪም ፈርንን ከዱቄቱ አብቅሎ ያገኘውን ውጤት በ1794 እ.ኤ.አ. ቢያሳትምም፣ ርቢው የት እንደሚፈጸም አልታወቀም ነበር። ሁሉም በቅጠሉ ላይ ሲፈልገው፣ አካላቱ ግን ከስፖሩ በቅለው አፈር ላይ በተኙት፣ ስፋታቸው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባነሰ፣ ፕሮታለስ በሚባሉት ስስ አረንጓዴ ገበታዎች ሥር ተሸሽገው ነበር። ስዊሳዊው ካርል ኔጌሊ በ1844 እ.ኤ.አ. በፕሮታለሱ ሆድ ላይ የወንዴውን አካል፣ ፖላንዳዊው ሌሽቺትስ ሱሚንስኪ ደግሞ በ1848 እ.ኤ.አ. የሴቴዋን አካል አገኙ። የፈርን የወንድ ሕዋስ ጠመዝማዛ ሆኖ ብዙ ጭራዎች ያሉት ሲሆን፣ በፕሮታለሱና በአፈሩ መካከል በሚቀረው የውሃ ጠብታ ውስጥ ዋኝቶ እንቁላሏን ያገኛል። ከዚያ በኋላ አዲሱ ፈርን ሥሩን ይሰዳል፣ ቅጠሉን ያወጣል፣ ፕሮታለሱም ጠውልጎ ይጠፋል። በ1851 እ.ኤ.አ. ቪልሄልም ሆፍማይስተር፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው በአባቱ የመጻሕፍትና የሙዚቃ ኅትመት ቤት እየሠራ ያጠና የ27 ዓመት ወጣት፣ የሞሱ ሙዳይና የፈርኑ ትልቅ ቅጠል አንድ ዓይነት ትውልድ፣ የሞሱ ለምለም ዘንግና የፈርኑ ፕሮታለስም አንድ ዓይነት ትውልድ መሆናቸውን አሳየ። ከዳርዊን መጽሐፍ ስምንት ዓመት ቀድሞ የታተመው ይህ ሥራ የሚገባውን ያህል በሕዝብ ዘንድ አለመታወቁ ያሳዝናል።

ፕሮታለሶች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነገርም አለ። ቀድሞ የበቀለውና ያደገው ፕሮታለስ በአፈሩ እርጥበት ውስጥ ኬሚካል እየለቀቀ፣ ዘግይተው የበቀሉት ጎረቤቶቹ የወንዴ አካል ብቻ እንዲያወጡ ያደርጋቸዋል፤ ይህ በመጀመሪያ የታወቀው በ1950 እ.ኤ.አ. በባሌ ሐረና ጫካ ዳርም በሚበቅለው ብራክን በተባለው ፈርን ላይ በተደረገ ጥናት ነው። በዚህ መንገድ የአንዱ ሕዋስ ከራሱ እንቁላል ይልቅ የሌላውን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ሌሎች ፈርኖች ግን ውሃ የሚጠይቀውን ርቢ ጨርሶ ትተውታል። በኢትዮጵያ ደጋ ጫካዎች የሚገኘው ፕቴሪስ ክሬቲካ የወንዱ ሕዋስ እንቁላል ሳይነካ ከፕሮታለሱ አካል በቀጥታ አዲስ ፈርን ያበቅላል፤ ይህንም አሜሪካዊው ዊልያም ፋርሎ በ1874 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዝርያ ላይ ደረሰበት። እንዲህ ያለው ርቢ በደረቅ አለት ላይ በሚኖሩ ፈርኖች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ በከረጢታቸው ውስጥ ከ64 ይልቅ 32 ስፖር በመገኘቱ ብዙውን ጊዜ ይለያሉ።

የኢትዮጵያን አበባ አልባ ዕፅዋት ከሰበሰቡት የቀደሙ ሰዎች መካከል በ1837 እ.ኤ.አ. ገብቶ በ1878 እ.ኤ.አ. በአድዋ እስከ ሞተበት ድረስ በአገሪቱ የኖረው ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ይገኛል፤ የአጎቱ ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐርም በዘመኑ ከታወቁት የሞስ ሊቃውንት አንዱ ነበር። በሺምፐር ስም የተጠሩ የኢትዮጵያ ፈርኖችና ሞሶች ዛሬም አሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያካሄዱት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ፣ ፈርኖች በአንደኛው ቅጽ ተካተዋል፤ ሞሶች ግን በዚያ ሥራ ውስጥ አልገቡም። ከምኒልክ አደባባይ ብዙ በማይርቀው በአራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር እያለ፣ የከተማው ግንብ ሁሉ የተሸከመው ዕፅ በራሱ መጽሐፍ አለመቅረቡ መሞላት ያለበት ክፍተት ነው።

በባሕር ውስጥ ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ ውሃ አይጠፋም፤ ነገር ግን የተለቀቀው የወንድ ሕዋስ በማዕበልና በሞገድ ተበትኖ እንቁላሉን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። የባሕር አረም የሚባሉት ቡናማ፣ አረንጓዴና ቀይ ተብለው በሦስት የሚከፈሉ ሲሆኑ፣ በተለይ ቡናማዎቹ በዝምድና ከምድር ዕፅዋት እጅግ የራቁ ናቸው። ቡናማው ሳርጋሰም በቀይ ባሕር ኮራል ዳርቻዎች ላይ በብዛት ይበቅላል፤ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ባሉት ያበጡ ክፍሎች ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች ኮንሰፕታክል ወደሚባሉ ጥቃቅን ጓዳዎች ይወስዳሉ፤ የወንዴውና የሴቴዋ አካላት የሚገኙት በእነዚህ ጓዳዎች ግድግዳ ላይ ነው። የሳርጋሰም እንቁላል ከጓዳው ብትወጣም ተጠርጋ አትሄድም፤ በዝልግልግ ነገር ከእናቷ ጋር ተያይዛ የወንዱን ሕዋስ ትጠብቃለች። በሰሜን አትላንቲክ የሚገኘው ዘመዱ ፉከስ ደግሞ ሕዋሳቱን የሚለቀው ውሃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው፤ እንቁላሎቹም የወንዱን ሕዋስ የሚስብ ኬሚካል ያመነጫሉ። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ቱሬ በ1850ዎቹ በዚህ አረም ላይ ባደረገው ሙከራ፣ የወንድ ሕዋስ ያልደረሰበት እንቁላል እንደማያድግ አረጋግጧል።

ኮለርፓ ራሴሞሳ የተባለውን አረንጓዴ አረም ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1763 እ.ኤ.አ. በየመን የሞተው ፔተር ፎርስኮል ሲሆን፣ የቀይ ባሕር ስብስቡ በ1775 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ኮለርፓ ሰፊ አካሉ ሁሉ በሕዋስ ግድግዳ ያልተከፋፈለ፣ ብዙ ኒውክለስ ያለው አንድ ሕዋስ በመሆኑ ለብቻው የሚታይ ፍጥረት ነው። ለመራባት የተለየ አካል የለውም፤ የሰውነቱ ይዘት በሙሉ ወደ መራቢያ ሕዋስነት ተለውጦ ጎህ ሲቀድ አካባቢ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ባዶው ነጭ ቅርፊትም ይፈርሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የካሪቢያን ባሕር ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ሥፍራ የሚገኙ ብዙ የዚህ ወገን አረሞች በአንድ ማለዳ ይለቃሉ፤ የተቀራረቡ ዝርያዎች ግን እንዳይደባለቁ ሰዓታቸው ይለያያል። ሕይወቱን በሙሉ ለአንዲት ማለዳ የሚሰጥ ፍጥረት ሌሎችን ካልጠበቀ ይባክናልና።

ቀዮቹ የባሕር አረሞች ከሁሉም የከበደ ሁኔታ ውስጥ ናቸው፤ የወንድ ሕዋሳቸው ጭራ የለውም፣ መዋኘትም አይችልም። እንቁላል የያዘችው ሕዋስ ትራይኮጋይን የሚባል ረጅም ጸጉር ወደ ውሃው ትዘረጋለች፤ እየተንሳፈፈ የመጣ የወንድ ሕዋስ ከነካው ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ግንኙነት በዕድል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከተሳካ በኋላ ቀዩ አረም ውጤቱን ያበዛዋል፤ ከአንዲት ውሕደት ብዙ ስፖሮች የሚያፈራ ተጨማሪ ትውልድ በእናትየው አካል ላይ ያሳድጋል። ሞስ ከአንዲት እንቁላል ብዙ ስፖር የሞላበት ሙዳይ የሚያበቅልበት ምክንያትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ርቢው ብርቅ ሲሆን ፍሬው መባዛት አለበት። እንግሊዛዊቷ ካትሊን ድሩ ቤከር በ1949 እ.ኤ.አ. ጃፓናውያን ኖሪ ብለው የሚመገቡት የቀይ አረም ወገን በዛጎል ውስጥ እንደ ክር የሚኖር፣ ሌላ ፍጥረት ሲመስል የቆየ ትውልድ እንዳለው ስታሳይ፣ የጃፓን ገበሬዎች ዘሩን በዛጎል ላይ ማልማት ቻሉ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በኡቶ ከተማ ሐውልት አቆሙላት።

በ2022 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሮስኮፍ የሚገኙ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ወደ መንገድ ዳሩ ሞስ ይመልሳል። ግራሲላሪያ በተባለ ቀይ አረም ላይ የሚኖር፣ አይዶቲያ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ በወንዴዎቹ ላይ ሲመላለስ ሕዋሶቻቸው በሰውነቱ ላይ እንደሚጣበቁ፣ ወደ ሴቴዎቹ ሲሄድም እንደሚያደርስላቸው፣ እርሱ ባለበት ገንዳ ውስጥ የሚፈጸመው ርቢ በእጅጉ እንደሚበዛ አረጋገጡ። ቀይ አረሞች ዕፅዋት ወደ የብስ ከመውጣታቸው በፊት የነበሩ በመሆናቸው፣ አንዳንዶች እንስሳ የዕፅን ርቢ ማገልገል የጀመረው በባሕር ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ግምቱ ማራኪ ቢሆንም፣ ሞሱና ቀዩ አረም እጅግ የተራራቁ ወገኖች ስለሆኑ፣ አንዱ ውሃ ስላነሰው፣ ሌላው ውሃ ስለበዛበት፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድና በየራሳቸው ዘመን ወደዚሁ መፍትሔ ደርሰዋል ማለት ለማስረጃው የበለጠ ይቀርባል።